የናፍጣ ፖምፓ ምርጫ፦ አዲስ ኮፒ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ የራስን ማሳደስ?

የአዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ ወደሆነው ሱማሌ ተራ ገብቶ የሲኖትራክ ፖምፓ የጠየቀ ባለንብረት በአንድ ሱቅ ውስጥ ብቻ አራት ዋጋ ሊነገረው ይችላል። ዕቃዎቹ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ቀለማቸው፣ የብሎን ቀዳዳቸው፣ የካርቶናቸው ጽሑፍ ሳይቀር ይመሳሰላል። ሻጩ አንዱን «ኦሪጅናል»፣ ሌላውን «አንደኛ ደረጃ»፣ ሦስተኛውን «ያገለገለ፣ የዱባይ» ይለዋል። አራተኛውን «እሱም ይሠራል» ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ አራቱም በተገጠሙበት ቀን ሞተሩን ማስነሣታቸው ነው። ልዩነታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ጋራዥ በሌለበት፣ ሚሌና ገላፊ መካከል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ስለከበደ፣ ርካሹን አንሥቶ የመሄድ ፈተናም በዚያው ልክ ከብዷል። ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ለአንዱ ፓምፕ የሚያዋጣው ለሌላው ኪሳራ ይሆናል። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። ለሜካኒካል ፖምፓ ስም የለሽ አዲስ ኮፒ ከመግዛት የራስን አሮጌ ኦሪጅናል በሚገባ ማሳደስ ይሻላል። ለኮመን ሬል ሞተር ደግሞ፣ ማለትም ናፍጣው ሬል በሚባል የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ ለሚረጭበት፣ ስም የለሽ ኮፒ ጭራሽ መታሰብ የለበትም። በመካከል ያለው ሁሉ እንደ ሥራውና እንደ ኪሱ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ፓምፕ ነው?

ጋራዥ ውስጥ «ፓምፑ ሞቷል» ሲባል የሚወራው ስለ አንድ ዕቃ ላይሆን ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ወደ ገበያ መውጣት ገንዘብ ማባከን ነው።

የመጀመሪያው መጋቢ ፓምፕ ነው። ሥራው ናፍጣውን ከታንከር ስቦ፣ በፊልትሮ አሳልፎ፣ በዝቅተኛ ግፊት ለዋናው ፖምፓ ማቀበል ነው። በሲኖትራኩ ደብልዩዲ615 ሞተር ላይ በዋናው ፖምፓ ጎን ተለጥፎ፣ በፖምፓው ካምሻፍት እየተገፋ ይሠራል፤ አየር የምናስወጣበት የእጅ ፓምፕ ያለውም እሱ ላይ ነው። በአንዳንድ ሞተሮች በሞተሩ አካል ላይ የታሰረ ባለ ጎማ ሽፋን ፓምፕ ይሆናል፤ በአዳዲሶቹ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው።

ሁለተኛው ዋናው ሜካኒካል ፖምፓ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ናፍጣውን መጥኖ በሰዓቱ ወደ መርጫው፣ ወደ ኖዝል፣ የሚገፋው። ደብልዩዲ615ን በመሰሉ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ በመስመር የተደረደረ ነው፤ አይሱዙ 4ጄቢ1ን በመሰሉ ትንንሾች ላይ ደግሞ ቪኢ የሚባለው ዙር ፖምፓ ይገኛል። ሦስተኛው የኮመን ሬል የከፍተኛ ግፊት ፓምፕ ነው። አይሱዙ 4ኤችኬ1ንና የቅርብ ጊዜ ከባድ መኪናዎችን የሚመግበው እሱ ነው፤ ግፊቱ በብዙዎቹ 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሜካኒካሉ ኖዝል የሚከፈተው 200 ባር አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት እንደማይገባ ይገባናል።

መለኪያዎቹ

ዋጋ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። እኔ አማራጮቹን የምመዝነው በእነዚህ ነው።

ከመክፈል በፊት በመሞከሪያ ማሽን ላይ ሊለካ ይችላል ወይ? ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ፖምፓ በዓይን አይፈረድበትም። ናፍጣውን በሚገፋው ዘንግ፣ በፕላንጀርና እሱ በሚመላለስበት ባሬል መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ሚክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ሚክሮን ያህል ነው። ይህን ልዩነት የሚያየው ማሽኑ ብቻ ነው።

ሲሰበር ምን ይዞ ይሰበራል? መጋቢ ፓምፕ ሲሞት መኪናው ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ እዚያው ያበቃል። የኮመን ሬል ፓምፕ ሲፈጭ ግን የብረት ብናኙን ወደ ሬሉ፣ ናፍጣውን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ በመመለሻው ቱቦም ወደ ታንከሩ ይልካል። ያኔ የፓምፑ ዋጋ ከሒሳቡ ትንሹ ክፍል ይሆናል።

ከሞተሩ ጋር በቁጥር ይገጥማል ወይ? ቅርጽ መመሳሰል በቂ አይደለም። አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ፖምፓዎች የፕላንጀር ውፍረታቸው፣ የካማቸው ቅርጽ ወይም የፍጥነት መቆጣጠሪያቸው (የጎቨርነራቸው) ልክ ይለያያል። ለ336 ፈረስ ጉልበት የተሠራውን በ371 ላይ ያሰረ ሰው ስሕተቱ ዳገት ላይ ይገባዋል።

የሚቆምበት ቦታና ቀን ምን ያስከፍላል? ከተማ ውስጥ አሸዋ የሚያመላልስ ገልባጭና ከጅቡቲ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ እኩል አይደሉም። ለመጀመሪያው መካኒኩ በታክሲ ይደርስለታል። ለሁለተኛው የሹፌርና የረዳት አበል፣ የጎታች ዋጋ፣ የዘገየ ጭነት ቅጣትና ሥራ የፈታበት ቀን ተደምሮ ከፖምፓው ዋጋ ይበልጣል።

መልሶ ይጠገናል ወይ? የውስጥ ዕቃው በገበያ የማይገኝ ፖምፓ ሲበላሽ ብረት ነው። ደረሰኝና የመመለሻ ስምምነትም አለ፤ እሱን ከታች አነሣዋለሁ።

ከመግዛት በፊት፦ ፖምፓው በእርግጥ ጥፋተኛ ነው?

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም «ኮፒው ሁለት ወር አልሞላውም» ተብለው ከሚጣሉት ፖምፓዎች ብዙዎቹ የሚሞቱት የቀደመውን በገደለው ምክንያት ነው። ምክንያቱ ሳይወገድ የሚገባ አዲስ ዕቃ፣ ኦሪጅናልም ቢሆን፣ ተራ ይጠብቃል እንጂ አይድንም።

ጉልበት ያጣ ወይም እየሄደ የሚጠፋ መኪና ሲያጋጥም ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፦ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ከታንከሩ የሚመጣው ቱቦ ይነቀልና መጋቢ ፓምፑ ከጀሪካኑ ይጠጣ። መኪናው ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ ከታንከር እስከ ፓምፕ ባለው መንገድ ላይ ነው። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኖ ይሆናል፤ የመምጠጫው ወንፊት ቆሽሾ ይሆናል፤ ወይም ቱቦው አየር ይስባል። አየር የሚስብ ቱቦ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ስለዚህ ደረቅ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ከፊልትሮው እስከ ፖምፓ አጭር ግልጽ ቱቦ ቢታሰር አረፋው ሲያልፍ በዓይን ይታያል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ መሆኗም ሚና አለው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ናፍጣውን ወደ መጋቢ ፓምፑ የሚገፋው ይኸው የአየር ግፊት ስለሆነ፣ ጅቡቲ ላይ ደኅና የነበረ ደካማ መጋቢ ፓምፕ ከአዋሽ ወደ ላይ ሲወጣ ማነከስ ይጀምራል። የዚህ ተቃራኒም አለ። ያረጀ ዙር ፖምፓ በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ይነሣና አፋር ሙቀት ውስጥ፣ ሞተሩ እንደሞቀ ሲያጠፉት፣ አልነሣም ይላል። የሞቀ ናፍጣ ስለሚቀጥን በተበላው ክፍተት ያመልጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ተደርጎ ሲበርድ ከተነሣ፣ የውስጡ ዋና ክፍል መበላቱን ያመለክታል። ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ግን አይገባም፤ የሞቀውን ብረት ሊያጣብቀው ይችላል።

በመስመር ፖምፓ ላይ አንድ ትንሽ ዕቃ ብዙ ፖምፓዎችን በሐሰት ታስከስሳለች፤ የመመለሻ ቫልቭ ነች። በፖምፓው ላይ ትርፉ ናፍጣ ወደ ታንከር የሚመለስበት ብሎን ውስጥ ያለች ስፕሪንግ ናት። ስትደክም በፖምፓው ውስጥ ያለው የመግቢያ ግፊት ይወርዳል፤ ፕላንጀሮቹ ሙሉ አይጠጡም፤ መኪናው ዳገት ላይ ይለምናል። ዋጋዋ ከፖምፓው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም። መካኒኩ የግፊት መለኪያ ሰክቶ ሳያይ «ፖምፓ ይውረድ» ካለ ሌላ መካኒክ መጠየቅ ነውር የለውም።

የኮመን ሬል ባለቤቶች ደግሞ የመምጠጫ መቆጣጠሪያ ቫልቭን ይወቁ። በዴንሶ ፓምፖች ላይ እሷ ስትቆሽሽ ወይም ስትደክም ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድንገት ይጠፋል፣ ስካነሩም የሬል ግፊት ጉድለት ይጽፋል። ብቻዋን ትቀየራለች። ሙሉ ፓምፕ ከመግዛት በፊት እሷን ማስፈተሽ ግዴታ ነው።

በመጨረሻ ናፍጣው ራሱ። እጥረት ባለበት ወቅት በየመንገዱ በጀሪካን የሚሸጠው ውኃም ነጭ ጋዝም ሊኖርበት ይችላል። ፖምፓ የሚለሰልሰው በሚገፋው ናፍጣ ነው፤ ዙር ፖምፓና ብዙዎቹ የኮመን ሬል ፓምፖች ሌላ ቅባት የላቸውም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ማለስለሱ ስለሚያንስ ብረቱን ያደርቀዋል። ክረምት ላይ የውኃ መለያውን በየቀኑ ማፍሰስና ታንከሩን ጎደሎ አድርጎ አለማሳደር ከማንኛውም ዋስትና ይበልጣል።

አማራጭ አንድ፦ አዲስ ኦሪጅናል

ከመኪናው ወኪል ወይም ከፓምፑ አምራች ሕጋዊ አከፋፋይ የሚገዛው ነው። በቁጥር ይገጥማል፣ ደረሰኝ አለው፣ ዋስትና አለው። ዋጋው ግን ለብዙ ባለአንድ መኪና የማይቀመስ ነው፤ ዕቃውም በመጋዘን ከሌለ የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ሒደት ተጨምሮበት መኪናው ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል።

ለሲኖትራክ ባለንብረቶች አንድ ማስተካከያ ላክል። ገበያ ውስጥ «ኦሪጅናል ነው ወይስ ቻይና?» የሚል ጥያቄ የተለመደ ነው። የቻይና መኪና ኦሪጅናል ፖምፓም ብዙውን ጊዜ ቻይና የተሠራ ነው፤ ዉሺ ከተማ ያለው ዌይፉ ለቻይና ከባድ ሞተሮች ፖምፓ በማቅረብ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው አገሩ ሳይሆን አምራቹና ቁጥሩ ነው።

አማራጭ ሁለት፦ ስም ያለው ተተኪ

ይህ የመኪናው አምራች ያላዘዘው፣ ነገር ግን በራሱ ስም የሚሸጥ፣ የራሱ የምርት ቁጥርና የመለኪያ ወረቀት ያለው ፋብሪካ የሠራው ነው። ለመጋቢ ፓምፕ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ለሜካኒካል ፖምፓም በማሽን ተለክቶ ካለፈ ያዋጣል። እዚህ ላይ ትልቁ ሥራ ይህን ከሚቀጥለው መለየት ነው።

አማራጭ ሦስት፦ ስም የለሽ ኮፒና ሐሰተኛ ስም የለጠፈ

የመጀመሪያው ማንነቱን አይናገርም፤ ሁለተኛው የሌላውን ስም ይዋሳል። ከሁለቱ ሐሰተኛው ይከፋል፤ ምክንያቱም በኦሪጅናል ዋጋ ተጠግቶ ይሸጣል። ጥቂት ምልክቶች አሉ። የቦሽ ኮመን ሬል ፓምፖች ቁጥር በ0445፣ የዙር ፖምፓው በ0460 ይጀምራል፤ የዴንሶ ኤችፒ3 ፓምፖች በ294000 ይጀምራሉ። በካርቶኑ ያለው ቁጥር፣ በፓምፑ አካል ላይ የተቀረጸውና ከአሮጌው ላይ የተነበበው ሦስቱ መግጠም አለባቸው። ቁጥሩ በተለጣፊ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ የአካሉ ጠርዝ ሻካራ ከሆነ፣ የቱቦ መግቢያዎቹ ክዳን ሳይኖራቸው አቧራ ከገባባቸው ዕቃውን መመለስ ነው። ይሁንና ካርቶን የሚያትም ሰው ቁጥርም ያትማል፤ ምልክቶቹ መጥፎውን ያጋልጣሉ እንጂ ጥሩውን አያረጋግጡም።

የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ዋና ችግር ሁሉም መጥፎ መሆኑ አይደለም። አንዱ ዓመት ይሠራል፤ ከዚያው ካርቶን የወጣው ሌላው ሳምንት አይቆይም። የብረቱ ጥራትና የማጠንከሪያ ሙቀቱ ከዕቃ ዕቃ ስለሚለያይ የጎረቤት ምስክርነት ለእናንተ ዋስትና አይሆንም። ስም የለሽ መጋቢ ፓምፕ ላይ ደግሞ የተለየ አደጋ አለ፦ በሞተሩ አካል ላይ የሚታሰረው ዓይነት የጎማ ሽፋኑ ሲቀደድ ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ሲያወጡት ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ከተገኘ ሞተሩ አይነሣ። በዚህ ሁኔታ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት የሞተር ብሮንዚን ያስበላል። በርካሽ የተገዛው ዕቃ ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሆነው እንዲህ ነው።

አማራጭ አራት፦ ያገለገለ ኦሪጅናል

ከተገነጠለ መኪና የወለቀ ወይም ተሰብስቦ ከውጭ የገባ ነው። ብረቱ ኦሪጅናል መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነው። ድካሙ ግን አይታወቅም፤ አንዳንዱ የወለቀው መኪናው ስለተጋጨ ነው፣ ሌላው ግን ፖምፓው ራሱ ስለደከመ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ሲገዛ ውሉ አንድ ብቻ ነው፦ «ማሽን ላይ ወጥቶ ከወደቀ ይመለሳል።» ይህን በጽሑፍ የማይፈርም ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው። ያገለገለ የኮመን ሬል ፓምፕ ግን ተገቢው ማሽን ባለው ቤት ካልተለካ በቀር ዕጣ መቁረጥ ነው።

አማራጭ አምስት፦ የራስን ፖምፓ ማሳደስ

የምደግፈው ይህ ስለሆነ ጉድለቱን አስቀድሜ ልናገር። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ በሠሪው እጅ ነው። ማሽን የሌለው ሠሪ ጎማና ኦሪንግ ቀይሮ፣ ቀለም ቀብቶ «ታድሷል» ሊል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሲለካ አጠገቡ መቆም።

የመሞከሪያ ማሽኑ ላይ የስድስት ሲሊንደር ፖምፓ ሲታሰር ፊት ለፊት ስድስት ባለ ምልክት የመስታወት ቱቦዎች ይደረደራሉ። ማሽኑ በተወሰነ ፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ ለምሳሌ በ1,000 ምት ውስጥ እያንዳንዱ መስመር የሚያወጣው ናፍጣ በቱቦው ይጠራቀማል። ሲቆም ስድስቱ መስመሮች በዓይን እንኳ እኩል ቆመው መታየት አለባቸው። አንዱ ዝቅ ብሎ ከቀረ ያ ሲሊንደር ያነክሳል፤ አንዱ ከፍ ካለ ያ ፒስተን ይቃጠላል። ይህ በአንድ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በዝግታም፣ በሙሉ ጉልበትም፣ ጎቨርነሩ በሚቆርጥበትም ላይ ይደገማል፤ ቁጥሮቹም ለዚያ ፖምፓ ቁጥር ከወጣው ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራሉ። የቁጥሮቹን ወረቀት ተቀበሉ። ወረቀት የማይሰጥ ቤት ለክቷል ብላችሁ አትመኑ።

የማደሻ ዋጋ በእጅ ዋጋና በዕቃ ዋጋ የተከፈለ ነው፤ ቁጠባው ከእጅ ዋጋው ይሁን እንጂ ከዕቃው አይሁን። ብዙዎች ኤሌመንት የሚሉት ፕላንጀርና ባሬል ስም የለሽ ከሆነ ማደሱ በካርቶን ያልገባ ኮፒ መግዛት ሆነ ማለት ነው። ሠሪው ፊት አንድ ጥንድ ማየት ይቻላል፦ በንጹሕ ናፍጣ የራሰ ፕላንጀር ከባሬሉ በከፊል ወጥቶ ዘንበል ተደርጎ ሲያዝ በራሱ ክብደት፣ ሳይጣደፍና ሳይያዝ፣ ቀስ ብሎ መንሸራተት አለበት። ዱብ ካለ ሰፍቷል፤ ከቆመ ቆሽሿል ወይም ተጣሟል። ከአሮጌው ላይ ደግሞ በጠመዝማዛው ጠርዝ አካባቢ ያለውን ተመልከቱ። ግራጫና ደብዛዛ መስመር ካለ፣ ጥፍርም ሲያልፍበት ከተሰማው ቆሻሻ ናፍጣ በልቶታል ማለት ነው፤ ፊልትሮውና ታንከሩ ሳይጸዳ አዲሱም የዚያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ሹፌሮች «ጉልበት ጨምርልኝ» ሲሉ ሠሪው የናፍጣውን መጠን ይከፍተዋል። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር አያገኝም፤ የሚወጣው ጥቁር ጭስ፣ የሚጨምረውም የጭስ ማውጫና የቱርቦ ሙቀት ነው። በሠንጠረዡ ልክ ይሁን በሉ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | መነሻ ወጪ | ከመክፈል በፊት መለካት | የጉዳት ስጋት | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| አዲስ ኦሪጅናል | በጣም ከፍተኛ | አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ማረጋገጥ ይበቃል | ዝቅተኛ | ኮመን ሬል፤ ረጅም መስመር |
| ስም ያለው ተተኪ | መካከለኛ | ለሜካኒካል ያስፈልጋል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መጋቢ ፓምፕ፤ የከተማ ሥራ |
| ስም የለሽ ኮፒ | ዝቅተኛ | ሻጩ እምብዛም አይፈቅድም | ከፍተኛ፤ በኮመን ሬል አጥፊ | ለጊዜያዊ መጋቢ ፓምፕ ብቻ |
| ያገለገለ ኦሪጅናል | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ግዴታ | መካከለኛ | አካሉ ለተሰነጠቀ ሜካኒካል ፖምፓ |
| የራስን ማሳደስ | መካከለኛ | የሥራው አካል ነው | በጥሩ ቤት ዝቅተኛ | የመስመርና የዙር ፖምፓ |

እንደ ሥራውና እንደ ኪሱ

ከተማ ውስጥ አፈርና አሸዋ የሚያመላልስ ሲኖትራክ ገልባጭ ካላችሁ የራሳችሁን ፖምፓ አሳድሱ። በዝግታና በአቧራ ውስጥ ስለሚውል ከፖምፓው እኩል ፊልትሮው ላይ አውጡ።

በጅቡቲ መስመር ለሚሠራ ሜካኒካል መኪናም ማሳደስ ይሻላል፤ ግን ከመውጣቱ በፊት አንድ አጭር የከተማ ዙር ሠርቶ እንደገና ይታይ። በመኪናው ውስጥ መለዋወጫ መጋቢ ፓምፕ፣ ሁለት ፊልትሮ፣ የመመለሻ ቫልቭና የመዳብ ቀለበቶች ይያዙ። እነዚህ ተደምረው ከአንድ ቀን ጎታች ዋጋ ያንሳሉ።

ኮመን ሬል ያለው መኪና በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ከባድ ነው፤ ማባበያ የለውም። መጀመሪያ የመቆጣጠሪያ ቫልቯን፣ ቀጥሎ የኢንጀክተሮቹን የመመለሻ ፍሰት አስለኩ። ፓምፑ ራሱ ከሆነ ኦሪጅናል ወይም ማሽን ባለው ቤት የታደሰ ኦሪጅናል ብቻ። ውስጡ ተፈጭቶ ከሆነ ታንከሩን፣ ቱቦዎቹን፣ ሬሉንና ኢንጀክተሮቹን ሳያጸዱና ሳያስፈትሹ አዲስ ፓምፕ መስቀል አዲሱንም አብሮ መቅበር ነው። ገንዘቡ ካልሞላ መኪናውን ማቆም ከዚህ ይሻላል።

ለአነስተኛ አይሱዙ የዕቃ ማከፋፈያ መኪና ብዙ አልልም፤ በመስመርም ሆነ በዙር ፖምፓ ከሆነ ማሳደስ፣ ካልሆነ በማሽን ያለፈ ያገለገለ።

ከአምስት በላይ ተመሳሳይ መኪና ያለው ድርጅት አንድ ተጨማሪ ፖምፓ አስለክቶ በመደርደሪያ ያስቀምጥ። አንዱ ሲወርድ የተዘጋጀው ይሰቀላል፤ የወረደው ተረጋግቶ ይታደሳል። መኪና ቆሞ የሚሠራ ፖምፓ ሁልጊዜ በጥድፊያ ነው የሚሠራው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና።

የባንክ ዕዳ ያለበት ባለአንድ መኪና፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ለኮፒው ብቻ የሚበቃው፣ ምን ያድርግ? ሠሪው ጋር ሄዶ በስድስቱ መስመር የትኛው እንደደከመ ያስለካ። አንዳንዴ ኤሌመንቶቹ ደኅና ሆነው የማቀበያ ቫልቮቹና ማኅተሞቹ ብቻ ይለወጣሉ፤ ይህ ከኮፒው ዋጋ በታች ሊወጣ ይችላል። ኤሌመንቶቹ ካለቁ ግን ስድስቱም በአንድ ላይ ይለወጡ።

የግዢውና የመግጠሚያው ቀን

በአዲስ አበባ ከባድ መኪና በቀን የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ስለተገደበ መኪናውን ይዞ ከሱማሌ ተራ እስከ ተክለሃይማኖት መዞር አይታሰብም። ፖምፓው ከመውረዱ በፊት የቁጥር ሰሌዳው ፎቶ ይነሣ፤ የሞተሩ ቁጥርም አብሮ። ከወረደ በኋላ ቱቦ መግቢያዎቹ በክዳን ወይም በንጹሕ ፕላስቲክ ይታሰሩ፤ ክፍቱን በታክሲ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተጓዘ ፖምፓ ገበያ ሳይደርስ አቧራ ጠግቧል። ደላላ ሲከተል ዋጋው ላይ የእሱም ድርሻ ይጨመራል፤ ቁጥሩን ይዞ ሦስት ሱቅ ራስን ችሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከሻጩ ጋር ሦስት ነገር በወረቀት ይስፈር፦ የዕቃው ቁጥር፣ በማሽን ከወደቀ የሚመለስበት ቀን፣ የሚመለሰውም ገንዘብ እንጂ ምትክ ዕቃ ብቻ እንደማይሆን። ደረሰኙ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የወጣ ይሁን። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለመዝለል ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

አሮጌውን ፖምፓ በዋጋ ቅናሽ ለሻጩ አትተዉ። ኦሪጅናል አካል ከሆነ ነገ የሚታደሰው እሱ ነው፤ ዛሬ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ የሰጣችሁት ነገ «ያገለገለ ኦሪጅናል» ተብሎ ይሸጥላችኋል።

ሲገጠም የመስመር ፖምፓው የካም ክፍል ዘይት ሳይሞላ ሞተሩ አይነሣ፤ ዘይት ከሞተሩ የሚደርሰው ቢሆንም እስኪደርስ ድረስ ደረቅ ይሽከረከራል። ታይሚንጉ፣ ማለትም ናፍጣው የሚገፋበት ሰዓት፣ በግምት አይታሰር። አየሩ በእጅ ፓምፑ እስኪያልቅ ይውጣ፤ በማስነሻው ሞተር ብቻ ለማስወጣት መሞከር ባትሪውንም ፖምፓውንም ይጎዳል። አዲስ ፊልትሮ አብሮ ይግባ። ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ያ ፊልትሮ ይውረድና ቆርቆሮው ተቆርጦ ወረቀቱ በፀሐይ ብርሃን ይታይ፤ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት መኪናው ከዚያ በላይ አይነዳ፣ ፊልትሮው በፕላስቲክ ይታሰርና ከደረሰኙ ጋር ወደ ሻጩ ይወሰድ።